ገንዘቡ የት ገባ?

ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ፊልም ላጫውታችሁ። «መኒ ሞንስተር» ይባላል። ዳይሬክተሯ ጆዲ ፎስተር ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 በካን ፌስቲቫል ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። አዲስ ፊልም አይደለም። ግን እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሰው ቡና ይዞ የሚያወራው ወሬ ሁሉ አክሲዮን፣ ቴሌብርና የትርፍ ድርሻ ሆኗልና ፊልሙ ከተሠራበት ጊዜ ይልቅ አሁን ነው ለእኛ የሚመጥነው። መጨረሻውን ሳልናገር መጫወት አልችልም። ያላያችሁት ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።

ሊ ጌትስ የሚባል የቴሌቪዥን ሰው አለ፤ ጆርጅ ክሉኒ ነው የሚጫወተው። ሥራው የትኛው አክሲዮን እንደሚገዛ፣ የትኛው እንደሚሸጥ ለሕዝብ መንገር ነው። አቀራረቡ ግን የሠርግ ቤት ነው፤ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዳንሰኞች ጋር እየጨፈረ ይገባል፤ ድምፅ ይለቀቃል፣ መብራት ይብለጨለጫል፣ የሰው ገንዘብ በዚያ መካከል ይመከርበታል። አንድ ቀን በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለ፣ ዕቃ አድራሽ መስሎ ካርቶን የተሸከመ ወጣት ከኋላው ይመጣል። ካይል ነው ስሙ። ሽጉጥ አውጥቶ ይተኩሳል፤ ከካርቶኑ ፈንጂ የተሰካበት ሰደርያ ያወጣና ሊ ጌትስን እንዲለብሰው ያስገድደዋል። ማፈንጃውን በእጁ ጨብጦታል፤ አውራ ጣቱን ካነሳ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። ስርጭቱ እንዳይቋረጥም ያዝዛል።

ካይልን እዚህ ያደረሰው 60 ሺህ ዶላር ነው። እናቱ ሞታ የተወችለት ገንዘብ። ሊ ጌትስ በቴሌቪዥን ቀርቦ የአይቢስ ኩባንያን አክሲዮን መግዛት ባንክ ከማስቀመጥ ይሻላል ሲል ሰማና ሁሉንም አስገባው። ከዚያ ኩባንያው ባንድ ሌሊት 800 ሚሊዮን ዶላር ጠፋ አለ። እንዴት ጠፋ? ኮምፒውተሩ በራሱ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ፕሮግራም ተሳሳተ ተባለ። በቃ ይኸው ነው መልሱ። ካይል ደግሞ በሰዓት 14 ዶላር የሚያገኝ፣ ነፍሰ ጡር ጓደኛ ያለችው የጉልበት ሠራተኛ ነው።

ፊልሙን ከተራ የእገታ ፊልም የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ገንዘብህን እንመልስልህ ይሉታል፤ እምቢ ይላል። የጠፋችውን 60 ሺህ ሊከፍሉት ዝግጁ ናቸው፣ እሱ ግን የ800 ሚሊዮኑን ነው የሚጠይቅ። የሌላውንም ሰው ገንዘብ ማለቱ ነው። ገንዘቡ የት እንደገባ በሚገባው ቋንቋ አንድ ሰው እንዲያስረዳው ይፈልጋል፤ ለዚያች ማብራሪያ ነው ነፍሱን ያስያዘው።

አንድ ትዕይንት አለ፣ ከሁሉም እሱ ነው ውስጤ የቀረው። ሊ ጌትስ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየ ተመልካቹን ይለምናል። ሁላችሁም አሁኑኑ ይህን አክሲዮን ግዙ፣ ዋጋው ከፍ ካለ እተርፋለሁ ይላል። ዓመታት ሙሉ ግዙ ሲላቸው የገዙት ሰዎች ዛሬ ለነፍሱ ሲል ቢለምናቸው እንደሚሰሙት ርግጠኛ ነው። ከጀርባው ያለው ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል። ስቱዲዮው በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል፤ ከነበረበትም ዝቅ ይላል። በዚያች ደቂቃ የሊን ፊት ማየት ነው። ተመልካቹ የሚወደው ጨዋታውን እንጂ ሰውየውን እንዳልነበረ ገባው። አጋቹ ካይል እንኳ የሚያዝንለት ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች አጋችና ታጋች መሆናቸው እየቀረ፣ አንድ ጥያቄ ይዘው ጎን ለጎን መቆም ይጀምራሉ።

ፖሊስ ደግሞ የካይልን ጓደኛ አፈላልጎ ያመጣል። ታለሳልሰዋለች ብለው ነው። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዋርዳው፣ ሰድባው ትሄዳለች። እናቱ የተወችለትን ገንዘብ ሁሉ ሳይነግራት አንድ ቦታ አስገብቶታል፤ ንዴቷ ከዚያ ነው የሚነሳ። ፊልሙ እዚህ ላይ ለማንም አላዳላም፤ የተበደለው ሰውም ቤቱን በድሏል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ፣ ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ ማደሩን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ሮጠ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ፊት ተሰልፈው አደሩ። ባንኩ ኋላ የወጣበትን ገንዘብ ቆጥሮ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። በፊልሙ 800 ሚሊዮን ዶላር፣ እዚህ 801 ሚሊዮን ብር፤ በሁለቱም ተጠያቂው ሲስተሙ ነው። ቁጥሩ መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፣ ሌላ ነገር አላነብበትም። መልሱ መገጣጠሙ ግን ያሳስበኛል።

ልዩነቱን አልሸሽግም። ፊልሙ ላይ የጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ እኛ ጋ የተወሰደው የባንኩ ነው፣ አብዛኛውም ተመልሷል። የአስቀማጭ ሒሳብ እንዳልተነካም ባንኩ አስታውቋል። የራስ ያልሆነን ገንዘብ መመለስ ደግሞ ክርክር የለበትም፤ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው፣ መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን፣ የሰው ሐቅ በሆዱ ይዞ ማደር ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ሰምቷል። ባንኩም በርትቶ ተከታተለ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ሳይቀር አወጣ። እኔ የማነሳው ሌላውን ወገን ነው። የሃያ ዓመት ተማሪ ፎቶው ተለጥፎ ሲታይ፣ ያ ሲስተም እንዴት እንደተሳሳተ፣ ማን ሳይፈትሸው ሥራ ላይ እንዳዋለው፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው ከሚለው አጭር መግለጫ የዘለለ ነገር እኔ እስከሰማሁት ለሕዝቡ አልተነገረም። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ፤ ደግ። ታዲያ ምንድን ነው? ይህን ብንጠይቅ ባንኩን ጠልተን አይደለም። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ነው፤ የአባቶቻችን ጡረታ የሚከፈልበት፣ የእኅቶቻችን ሐዋላ የሚገባበት ባንክ ስለሆነ ነው።

የደሴ ሰው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት የራሱ ምክንያት አለው። በ2014 ጥቅምት ሃያዎቹ ላይ ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስትቆይ ባንኮች ተዘግተው ነበር። ሒሳብ ደብተሩ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ዱቄት የሚገዛበት አጥቷል። ቁጥር አለህ፣ ገንዘብ የለህም። ያን ወር እዚህና ኮምቦልቻ ያሳለፈ ሰው፣ ገንዘብህ በሲስተም ውስጥ ነው አብሽር ቢሉት፣ አብሽሩን ብቻ ሰምቶ አይተኛም።

ፊልሙን ቧንቧ ውሃ አንድ ዘመድ ቤት ከብዙ ሰው ጋር ሆነን እያየነው፣ የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ የሆኑ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ። ትርጉሙን ልጆቹ እየነገሯቸው ነው የሚከታተሉት። ኩባንያው ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው ሲል አንደኛዋ ልጅ፣ «እትዬ፣ ማሽኑ ነው አሉ ያጠፋው» አለቻቸው። እሳቸው ስኒያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። «ማሽንማ ሰው ያለውን ነው የሚሠራ፤ ማነው ያዘዘው? እሱን ጠይቁልኝ» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ፊልሙ ውስጥ ፕሮግራሙን የጻፈው ኮሪያዊ፣ ሴኡል ላይ ተገኝቶ፣ ይህን ሊያደርግ የሚችለው ፕሮግራሙ ብቻውን አይደለም፣ የሰው እጅ አለበት ብሎ ይመሰክራል። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለእሳቸው ግልጽ ነገር ነበር።

ደብተራቸውን አይቼዋለሁ። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ ከላይ ሳምንቱ፣ የከፈለ ሰው ፊት ምልክት፣ ያልከፈለ ፊት ባዶ ቦታ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ያመጣል፣ የዋሱ ፊርማ ከጎን ይሰፍራል። ዕቁብ ላይ ብር ቢጎድል፣ ሲስተሙ ነው ብሎ የሚያመልጥ ዳኛም ጸሐፊም የለም። ዳኛው ይጠራል፤ ደብተሩ መሐል ላይ ይዘረጋል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ፊደል ያልቆጠረው ዕቁብተኛ ሳይቀር ገንዘቡ የት እንደደረሰ ገብቶት ነው ወደ ቤቱ የሚሄድ። ካይል ስቱዲዮ ገብቶ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ደብተሩ ይነበብልኝ ነው ያለው።

ፊልሙ ውስጥ ደብተሩን የሚያስነብቡት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ዳይሬክተር ፓቲ ናት፤ ጁሊያ ሮበርትስ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆና በሊ ጆሮ ላይ ባለችው ማዳመጫ ታናግረዋለች፤ አረጋጋው፣ ወንበር ስጠው፣ እንዲህ በለው እያለች። ድምፅዋ ሲረጋጋ እሱ ይረጋጋል። ለዓመታት የጨፈረበትን ፕሮግራም በዚያች ሰዓት ወደ ጋዜጠኝነት የመለሰችው እሷ ናት፤ ሰው ወደ ኮሪያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ እያስደወለች። ሁለተኛዋ የኩባንያው ቃል አቀባይ ዳያን ናት። አለቆቿ የጻፉላትን መልስ ስትደጋግም ትቆይና፣ ራሷም እንደማታምንበት ይገባታል። ከዚያ የአለቃዋን ጉዞዎች ማገላበጥ ትጀምራለች። እኔ ከፊልሙ ጀግና ምረጥ ብባል ዳያንን ነው የምመርጠው። ሽጉጥ አልያዘችም፤ ደመወዝ የሚከፍላትን ሰው ግን ጠየቀች።

እውነቱም ይወጣል። የኩባንያው አለቃ ዋልት ካምቢ ገንዘቡን ደቡብ አፍሪካ ያለ የፕላቲነም ማዕድን ላይ አፍስሶታል። ማዕድኑ ላይ ሠራተኞቹ አድማ መትተው የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዶ ነበር። ካምቢ ለአድማው መሪ ጉቦ አቀብሎ አድማው ሲያበቃ፣ ዋጋው ሲንር ሊያተርፍ ነው። አድማው ግን አላበቃም፤ 800 ሚሊዮኑ ቀለጠ። ሲስተሙ ተሳስቶ አያውቅም።

ሊ ጌትስን ያያችሁ ሰዎች የሚመስለውን ሰው አታጡትም። አሜሪካ ውስጥ ጂም ክሬመር የሚባል ሰው ሲኤንቢሲ ላይ «ማድ መኒ» የሚል ፕሮግራም ከ2005 (እንደ እነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ያቀርባል፤ ቁልፍ እየተጫነ፣ እየጮኸ። እንደ እነሱው በ2008 መጋቢት ላይ አንድ ተመልካች ስለ ቤር ስተርንስ ጠይቆት፣ ችግር የለም፣ ገንዘብህን አታውጣ ብሎ መለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ያ አንጋፋ ድርጅት ወድቆ፣ አንዱ አክሲዮን በ2 ዶላር ለጄፒ ሞርጋን እንዲሸጥ ስምምነት ተደረገ። ክሬመር ኋላ፣ የተናገርኩት እዚያ ስለተቀመጠ ገንዘብ ነው እንጂ ስለ አክሲዮኑ አይደለም ሲል ተከራክሯል። ይሁንለት። በዓመቱ ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርት አቅርቦ፣ የሰው ጡረታ ላይ ለምን ትጫወታላችሁ ብሎ ሲያፋጥጠው ግን አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

እኛ አገር እስካሁን እንዲህ ያለ ጨፋሪ የለንም። ማስታወቂያው ግን ነበረን። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ ባንክ፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ ቤት። አንዳንዱ ቃሉን ጠብቆ ዛሬ ትልቅ ሆኗል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ አክሰስ ሪል እስቴት ከሁለት ሺህ በላይ ቤት ፈላጊ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤቱን ሳያይ ለዓመታት እንዲንከራተት አድርጓል። ማስታወቂያውን ያነበበ ጋዜጠኛ ያኔ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መሬቱ አለ ወይ?

አሁን ነገሩ ሰፍቷል። የካፒታል ገበያ አዋጁ ቁጥር 1248/2013 ነው፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ጥር 2 ቀን 2017 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ጀምሮ ነበር። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10.7 ሚሊዮኑ ተገዛ፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ስልኳን አውጥታ ከአገሪቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የአንዱ ባለድርሻ መሆን ትችል ነበር። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። አክሲዮን የሀብታም ዕቃ ብቻ ሆኖ መኖሩ ፍትሕ አልነበረም።

ግን ሕጉ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ዕዳው፣ ሥጋቱ፣ ትርፉ ሁሉ ይጻፍበታል። ይህን ሰነድ ስንቶቻችን ገልጠነዋል? ወፍራም ነው፣ በሒሳብ ሰው ቋንቋ የተጻፈ ነው። እዚህ ላይ ነው ቴሌቪዥን የሚያስፈልገን። የምሽት ፕሮግራም አዘጋጅ ያንን ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ በገጽ፣ ይህ ዕዳ ምንድን ነው፣ ይህን የሚከፍለው ማነው እያለ ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም ድራማ በላይ እቀመጥለታለሁ። የኩባንያው ኃላፊ ተጋብዞ፣ ራዕያችን ተልዕኳችን ሲል አርባ ደቂቃ የሚወስድበት ቃለ ምልልስ ግን፣ ባርኔጣ ባይደፋበትም፣ ከሊ ጌትስ ጭፈራ አይሻልም።

ስለ እገታው ግልጽ ማድረግ የምፈልገው አለ። እኛ አገር እገታ የፊልም ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ታግተዋል፤ ስንቱ ወላጅ መሬቱን፣ ከብቱን ሸጦ ልጁን ሊያስለቅቅ ተንከራትቷል። ስለዚህ ካይልን ጀግና አልለውም። ሰው ላይ ሽጉጥ ደግኖ የሚገኝ ፍትሕ ለማንም አይሆንም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራ የያዙት፣ መብራት የሚያበሩት ሰዎች ምን በደሉት? ፈንጂው ሸክላ ጭቃ መሆኑ ኋላ ቢታወቅም፣ ያን ሰዓት የሞቱት ሞት እውነተኛ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ይህን በእውን ያደረገ ሰው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1977 የካቲት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ቶኒ ኪሪትሲስ የሚባል ሰው፣ በመሬት ብድሩ ጉዳይ አበዳሪው ኩባንያ አጭበርብሮኛል ብሎ፣ የኩባንያውን ኃላፊ ሪቻርድ ሆልን አገተ። የመሣሪያውን አፈሙዝ በሽቦ አንገቱ ላይ አስሮ በበረዶ መንገድ ላይ ነዳው። 63 ሰዓት ያዘው። ካሜራዎች ተከትለውት ነበር፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ እየጮኸ ብሶቱን ሲዘረዝር ጣቢያዎቹ መቁረጥ አለመቁረጣቸው ጨንቋቸው ነበር። ገንዘብም ጠይቋል፤ ከገንዘቡ ጋር ግን ይቅርታ እንዲጠየቅ ፈልጓል። ሆል በሕይወት ተረፈ፤ ፍርድ ቤት ኪሪትሲስን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለው።

ካይል ግን አልተረፈም። ፖሊስ እየተከተላቸው እሱና ሊ ከስቱዲዮው ወጥተው ዎል ስትሪት ላይ ይራመዳሉ፤ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል፣ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ካምቢን ያገኙታል። ካይል ሰደርያውን ለእሱ አልብሶ አንዲት ነገር ብቻ ይለዋል፤ ስህተት ነበር በል። ካምቢ ብዙ ያንገራግራል፤ ሕግ አልጣስኩም፣ ስታተርፉ ማን ጠየቀ እያለ። እዚህ ላይ ክርክሩ ደካማ አይደለም፤ ገንዘብ ሲገባ የትም ይምጣ፣ ሲወጣ ብቻ የት ገባ የምንል ሰዎች ብዙ ነን። በመጨረሻ ግን ስህተት ነበር ይላል። ካይል የፈለገውን ሰማ፤ ማፈንጃውን ለሊ ይወረውራል፤ ወዲያው ተተኩሶበት ይሞታል።

ቤት ውስጥ ክርክሩ የተነሳው ይሄኔ ነው። ወጣቶቹ ሊ ጌትስ ነው የገደለው አሉ፤ አስተማማኝ ነው ያለው እሱ አይደል? ሌሎቹ ካምቢን ብቻ ነው የሚያውቁት። እትዬ ደግሞ ከሁለቱም አልገጠሙም። «ያ ሁሉ ሰው በየቤቱ ገዝቶ ነበር አይደል? አንዱ እንኳ ቀድሞ ቢጠይቅ ይህ ልጅ ብቻውን አይሄድም ነበር» አሉና ሁለተኛውን እንዲቀዱ ጀበናውን አመለከቱ። እኔ አሁንም ከወጣቶቹ ጋር ነኝ፤ አምኜ የገዛሁበትን ቃል የሰጠኝ ሰው ዕዳ ከሁሉ ይቀድማል እላለሁ። እናንተስ በማን ፈረዳችሁ?